የድሮ ኮሮላ የመሪ ዘይትና ማርሚታ ሲያፈስ

ታኅሣሥ ሲገባ ጋራዣችን በር ላይ መኪና ይበዛል። ቁልቢ ደርሷላ። ዓመቱን ሙሉ ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ ቀፊራ ሲመላለስ የከረመ ኮሮላ ለ19 ቤተሰቡን ሙሉ ጭኖ ዳገት ሊወጣ ነው። ባለቤቱ ያኔ ትዝ ይለዋል። «መሪው ሲዞር ይጮኻል፤ ማርሚታውም ትንሽ ድምፅ አለው» ይላል። ሁለቱ ችግሮች አብረው መምጣታቸው አይገርምም። የጎማ ቱቦን የሚያደርቀው ሙቀት ነው፤ ድሬ ላይ ደግሞ ሙቀት ጠፍቶ አያውቅም። ማርሚታውን የሚበላው ያ አጭር ምልልስ ነው።

ይህን የምጽፈው በእጃችሁ መሥራት ለምትፈልጉ ነው። ራሳችሁ ባትሠሩትም የሚነገራችሁን እንድትመዝኑበት ነው። አንድ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል፤ ሰው የማያፈሰውን ዕቃ ሲያስቀይር ማየት። «የመሪ ሳጥኑ አልቋል» ይባላል። ባለመኪናው ተበድሮም ቢሆን ያገለገለ ሳጥን ገዝቶ ያስገጥማል። ሳምንት ሳይሞላ ያው ቀይ ዘይት መሬት ላይ ነው። ወርዶ ሲታይ ያፈስ የነበረው የመመለሻ ቱቦው ፋሼታ (ማሰሪያ ቀለበት) ነው። ዘይት ከላይ ይነሳል፣ ብረት ብረቱን ይዞ ይወርዳል፣ ከተነሳበት ርቆ ይንጠባጠባል። ማርሚታም እንደዚያው ነው፤ የሚጮኸው አንድ ቦታ፣ የተቀደደው ሌላ ቦታ። ምንጩን ያገኘ ሰው ሥራውን አጋምሶታል።

ምሳሌዬ እንደ ፈረንጆቹ በ1990ዎቹ የተሠራ ኮሮላ ነው፤ እኛ ጋ የሚበዛው እሱ ነው። አሠራሩ ለሌሎች የድሮ መኪኖችም ይሆናል። ፔጆ 404 የያዛችሁ የሐረር ሰዎች የመሪውን ክፍል ዝለሉት፤ የእናንተ መሪ በክንድ ጉልበት ነው የሚዞረው። የማርሚታው ግን ይመለከታችኋል።

ከመሪ ዘይቱ ጀምሩ

ሁልጊዜ ከመሪው ነው የምጀምረው። ሁለት ምክንያት አለኝ።

አንደኛው እሳት ነው። የመሪ ዘይት ይቀጣጠላል። ከሞተሩ የሚወጣው የማርሚታ ቱቦ ደግሞ ወደ ኋላ ሲሄድ በመሪ ሳጥኑ አቅራቢያ ያልፋል። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጨነቅ ኮሌክተሩ (ጭሱን ከሞተሩ የሚሰበስበው ብረት) እና የፊተኛው ቱቦ ብዙ መቶ ዲግሪ ይግላሉ። እዚያ ላይ ያረፈ ዘይት መጀመሪያ ያጨሳል፤ ፍሳሹ ከበረታ ይነዳል።

ሁለተኛው፣ ሽታው ያሳስታል። የሚቃጠል ዘይት ሽታ ወደ ውስጥ ሲገባ ሰው «ማርሚታው ተቀደደ» ብሎ ያስበይዳል። ዘይቱ ቆሞ፣ ሞተሩ ታጥቦ፣ ከዚያ በኋላም የሚሸት ነገር ካለ ያኔ ማርሚታውን ጠርጥሩ።

ማጠብና ፓውደር መንፋት

አባቴ የሼመንደፈር፣ የባቡሩ ሰው ነበር። ሥራ ሲያስተምረኝ መፍቻ ከማስያዙ በፊት ያስያዘኝ ጨርቅ ነው። «አንተ ልጅ፣ ቆሻሻ ላይ ምን ይታይሃል? ጥረግና እየው» ይለኝ ነበር። እስካሁን ከዚህ የተሻለ ምክር አልሰማሁም።

ሥራውን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ጀምሩ። ረፋዱ 5 ሰዓት ካለፈ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ብረቱ አያስነካም፤ ያልተነሳ ሞተር እንኳ እጅ ያቃጥላል። የኒም ዛፍ ጥላ ያለው ግቢ ካላችሁ ታድላችኋል።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ዲናሞውንና የኤሌክትሪክ ማያያዣዎቹን በፌስታል ሸፍኑ። የዱቄት ሳሙና በሙቅ ውሃ በጥብጡ። በብሩሽ የመሪ ፓምፑን፣ ቱቦዎቹንና የመሪ ሳጥኑን አካባቢ እሹ። በቤንዚን አትጠቡ። ብዙ ቦታ ይደረጋል፣ አውቃለሁ፤ ግን አንድ የባትሪ ብልጭታ ይበቃዋል። ካጠባችሁ በኋላ በደንብ ይድረቅ።

አሁን የሕጻን ፓውደር አምጡ። የተጠረጠሩት ቦታዎች ላይ በሙሉ በስሱ ንፉት፤ ቱቦው ከብረቱ የሚጋጠምበት፣ ፓምፑ ከፑሊው (ችንጋው ከሚያዞረው ክብ ብረት) ኋላ፣ የዘይት ማጠራቀሚያው ሥር። ሞተሩን አስነሱ። ሌላ ሰው መሪውን ቀስ እያለ ከዳር እስከ ዳር ጥቂት ጊዜ ያዙረው። ሞተሩን አጥፉና የእጅ ባትሪ ይዛችሁ እዩ። ነጩ ፓውደር ላይ ቀይ መስመር ተስሎ ታገኙታላችሁ። መስመሩን ወደ ላይ ተከተሉት። የሚያልቅበት ጫፍ ምንጩ ነው። ከታች የረጠበውን ሁሉ ለጊዜው እርሱት።

ፓውደሩ ምንም ካላሳየ ፍሳሹ ቀስ ያለ ነው ማለት ነው። ነጭ ካርቶን ከሞተሩ ሥር ዘርጉና አሳድሩ። ጠዋት ቀለሙን እዩ። ቀይና ቀጭን ከሆነ የመሪ ዘይት ነው። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ግን የእሱም ዘይት ቀይ ስለሆነ ቦታውን አስተውሉ። ቡናማ ወይም ጥቁር የሞተር ዘይት ነው። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ውሃ ውሃ የሚል የራዲያተር ነው። ጠርቶ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ጎማው ውስጠኛ ጎን ላይ የወረደ ፈሳሽ ካያችሁ የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል። መኪናውን አታንቀሳቅሱ፤ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እሱን አሠሩ።

አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ። ሞተሩ እየሠራ ቀጭን ፍሳሽ በእጃችሁ አትዳብሱ። ጎማችሁ ውስጥ ያለው ግፊት 2 ባር ገደማ ነው። ከመሪ ፓምፑ በሚወጣው ቱቦ ውስጥ ያለው ግን መሪው ዳር ሲደርስ ከ50 ባር ያልፋል። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት በዚያ ግፊት ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ ስለሚመስል ሰው ችላ ይለዋል፤ ግን አስቸኳይ ሐኪም የሚፈልግ ጉዳት ነው። ቁራጭ ካርቶን አስጠጉና ዘይቱ ካርቶኑን ሲያረጥብ እዩ።

ከቀላሉ ወደ ከባዱ

ዘይቱ ከማጠራቀሚያው ክዳን ሥር ከሆነ የሚወጣው ምናልባት ምንም አልተበላሸም። ማጠራቀሚያው ላይ ለቀዝቃዛና ለሙቅ የተለያየ ምልክት አለ። ሰው ጠዋት በቀዝቃዛው ሞተር እስከ ሙቁ ምልክት ይሞላዋል። ዘይቱ ሲሞቅ ያብጥና ይገነፍላል። ትርፉን በሲሪንጅ ቅዱ፣ ጥረጉ፣ ለጥቂት ቀናት ተከታተሉ።

ቀጥሎ የመመለሻ ቱቦው ነው። ከመሪ ሳጥኑ ወደ ማጠራቀሚያው ዘይት የሚመልሰው ወፍራም የጎማ ቱቦ ነው። ግፊቱ ዝቅተኛ ነው። ሙቀት ሲያደርቀው ጫፉ ድንጋይ ይሆናል፣ ፋሼታውም ይላላበታል። በጣታችሁ ጨምቁት። ካልታጠፈ፣ ወይም ሲታጠፍ ስንጥቅ ካሳየ ቀይሩት። ፋሼታ ብቻ ማጥበቅ የደረቀ ጎማ ላይ አይሠራም። ያለ ልክ ካጠበቃችሁት ደግሞ ጎማውን ይቆርጠዋል።

ሱቅ ስትሄዱ ባለሱቁ ለውሃ የተሠራ ቱቦ ሊሰጣችሁ ይችላል። ልኩ አንድ ነው፣ ዋጋውም ይረክሳል። አትውሰዱት። የውሃ ቱቦ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል፣ በወራት ውስጥ ይለቃል። ዘይትና ሙቀት እንደሚችል የተጻፈበትን ጠይቁ። አሮጌውን ቱቦ ይዛችሁ ሂዱና ውስጡን አለካኩት፤ በዓይን ግምት አይሆንም።

የግፊት ቱቦው ሌላ ነገር ነው። ከፓምፑ የሚወጣውና ጫፎቹ ላይ ብረት የተጨመቀበት እሱ ነው። ፍሳሹ በቡሎን ከሚታሰርበት ጫፍ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። እዚያ ሁለት የመዳብ ሮንዴላዎች አሉ፤ አንድ ጊዜ ተጨምቀው ቅርጽ ይይዛሉ። ቡሎኑ በተፈታ ቁጥር በአዲስ ቀይሯቸው። አሮጌውን መልሶ አስሮ «ጠበቅ አድርገው» ማለት ቡሎኑን ከመስበር ውጪ ጥቅም የለውም። ፍሳሹ ጎማው ከብረቱ ከተጨመቀበት ቦታ ከሆነ ግን ቱቦው አልቋል። ጎማ ጠቅልሎ፣ ሁለት ፋሼታ ደርቦ የሚያስር ሰው አይቻለሁ። በዚያ ግፊት የትም አያደርስም። ሲፈነዳ ዘይቱ ባንድ ጊዜ ይወጣል፣ መሪው እጃችሁ ላይ ድንገት ይከብዳል። ይህ ደንገጎ ዳገት መታጠፊያ ላይ ሲደርስ አስቡት፤ ጎንም ከባድ መኪና አለ። አዲስ ቱቦ ግዙ። ካጣችሁ የሎደርና የገልባጭ ቱቦ በማሽን የሚጨምቅ ሰው ፈልጉና ግፊቱን ነግራችሁ አሠሩት።

ፓምፑ ራሱ የሚያፈስ ከሆነ ምልክቱ የተለየ ነው። ከፑሊው ኋላ ይረጥባል። ፑሊው ሲሽከረከር ዘይቱን ስለሚረጨው ኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ወይም ጎን ያለው ላሜራ ላይ በመስመር የተረጨ ነጠብጣብ ታገኛላችሁ። የዘንጉ «ሲል» (ዘይት እንዳያመልጥ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) አልቋል ማለት ነው። ሲሉ ርካሽ ነው፤ ከመቀየሩ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። ፓምፑ ሲፈታ ሲሉ የሚቀመጥበትን የዘንግ ገጽ በጥፍራችሁ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ፋቁት። ጥፍራችሁ ሳይያዝ ከተንሸራተተ አዲሱ ሲል ይሠራል። ጥፍራችሁ ቦይ ውስጥ ገብቶ ከተያዘ ዘንጉ ተበልቷል፤ አዲስ ሲል ብታስገቡም መልሶ ያፈሳል። ያኔ ፓምፕ መቀየር ነው የሚያዋጣው። ችንጋውንም አብራችሁ ቀይሩ፤ ዘይት የጠጣ ችንጋ ይንሸራተታል፣ ይጮኻል። አዲሱን ሲያስሩም ከልክ በላይ እንዳይወጥሩት ንገሩ። ከልክ በላይ የተወጠረ ችንጋ የፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል። ኩሽኔታው ከላላ ዘንጉ ይወዛወዛል፣ ሲሉም አይቆይም።

የመጨረሻው የመሪ ሳጥኑ ነው። ጫፎቹ ላይ እንደ ኮንሰርቲና የተሸበሸቡ የጎማ ሽፋኖች አሉ። ጨምቋቸው። ጥቂት ግራሶ ቢኖር ጤናማ ነው። ዘይት ሞልቶ ከሆነ፣ የአንዱን ሽፋን ፋሼታ ስትፈቱም ቀይ ዘይት ከወረደ፣ የሳጥኑ ውስጠኛ ሲል አልቋል። ብዙ መኪኖች ላይ ሁለቱ ሽፋኖች በቀጭን ቱቦ ስለሚገናኙ የግራው ቢሞላ የግድ ያፈሰው የግራው ላይሆን ይችላል።

ሲሉን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ አቧራ ነው። ሽፋኑ በጥቂቱ ሲቀደድ አሸዋ ይገባል፣ ዘንጉን ይፍቃል። እርጥበት ሲጨመርበት ዘንጉ ነቁጥ ነቁጥ እያለ ይዝጋል። ስለዚህ ሳጥኑ ሲፈታ ዘንጉን ጥረጉና ብርሃን ላይ አዟዙራችሁ እዩ። እንደ አዲስ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ሲል ማስቀየር ያዋጣል። ከተነቀሰ ሲል አታባክኑ። ይህን ሥራ ቤት ውስጥ አልመክርም። ልዩ መፍቻ ይፈልጋል፤ ሲያልቅም የፊት ጎማዎቹ ቀጥታ መስተካከል አለባቸው። ካስፈታችሁ ግን የመሪ ዘንጎቹ ከመፈታታቸው በፊት የቆሙበት ቦታ በቀለም ምልክት ይደረግ። መሪውም ሳጥኑ ወርዶ ሳለ በነፃ እንዳይሽከረከር ይታሰር፤ ኤርባግ ያለው መሪ ሥር ያለ ጥቅል ሽቦ ይበጠሳል።

ፍሳሽ ያቆማል እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠውን ፈሳሽ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሲሉን አሳብጦ ለጥቂት ጊዜ ሊያግዝ ይችላል። የተቀደደ ቱቦ አይደፍንም፣ የተበላ ዘንግም አይመልስም። ቁልቢ ደርሳችሁ እስክትመለሱ ብላችሁ እሱን ተማምናችሁ እንዳትወጡ።

ዘይቱና አየሩ

የ1990ዎቹ ቶዮታዎች የመሪ ዘይት ዴክስሮን 2 ወይም 3 የሚባለው ቀዩ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። የሌላ ፋብሪካ መኪና ከሆነ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን እመኑ። የፍሬን ዘይት በምንም ምክንያት አትጨምሩ። የመሪውን ሲሎች በሙሉ ያበላሻቸዋል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ የነበረው ፍሳሽ በየቦታው ይሆናል።

አሮጌው ከጠቆረ ሙሉ በሙሉ ቀይሩት። የመመለሻ ቱቦውን ከማጠራቀሚያው ነቅላችሁ ጠርሙስ ውስጥ ክተቱት፤ ማጠራቀሚያው ላይ የቀረውን አፍ ድፈኑ። አዲስ እየጨመራችሁ ሌላ ሰው ሞተሩ ሳይነሳ መሪውን ያዙር። ጠርሙሱ ውስጥ ጥርት ያለ ቀይ መውረድ ሲጀምር ቱቦውን መልሱ። የወጣውን ዘይት ደቻቱ አሸዋ ላይ አታፍሱ። ወንዙ ደረቅ ቢመስልም ከሥሩ ውሃ አለ፤ ይህ ከተማ የሚጠጣው ከመሬት የሚወጣ ውሃ ነው። በጀሪካን አጠራቅሙት።

አየር ማስወጣት ሰው የሚቸኩልበት ቦታ ነው። ፊቱን በክሪክ አንሱና በብረት ካቫሌቶ ላይ አሳርፉት፤ ክሪክ ብቻ ይዞት መኪና ሥር መግባት የለም። ሞተሩ ሳይነሳ መሪውን ቀስ አድርጋችሁ ከዳር እስከ ዳር ደጋግማችሁ አዙሩ፤ ዘይቱ ሲወርድ ሙሉ። አረፋ መውጣቱ ሲቀንስ ሞተሩን አስነሱና እንደገና አዙሩ። ዳር ሲደርስ ሁለት ሦስት ሰኮንድ፣ ከዚያ በላይ አትያዙት፤ ፓምፑ ከፍተኛ ግፊት ላይ ሆኖ ዘይቱን ያፈላል። መኪና ማቆሚያ ላይም ይህን ልማድ አድርጉት። አሁን የዘይቱን ከፍታ ሞተሩ እየሠራ እዩ፣ አጥፉና እንደገና እዩ። ሲጠፋ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ከፍ ካለ፣ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ አየር አልወጣም። ትንሽ አሳርፉትና ድገሙት። መሪው ሲዞር የሚያለቅሰው ድምፅም ከዚህ በኋላ መጥፋት አለበት። ዘይቱ ሞልቶ፣ አየሩ ወጥቶ አሁንም ካለቀሰ ፓምፑ ራሱ ደክሟል።

ወደ ማርሚታው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ሰው የማርሚታ ቀዳዳን እንደ ጫጫታ ብቻ ያየዋል። ከሞተር የሚወጣው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ይመጣል። የቁልቢን ሰልፍ አስቡት፦ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ይሠራል፣ ልጆች ኋላ ወንበር ላይ ተኝተዋል። ሁሉም «ደክሟቸው ነው» ይላል። ከፊተኛው ወንበር ሥር የተቀደደ ቱቦ፣ ወይም ኋላ ኮፈኑ በደንብ የማይዘጋ መኪና ይዞ እንዲህ መቆም ሕይወት ያስከፍላል። እስኪጠገን መስኮት ክፈቱ፣ ስትቆሙ ሞተር አጥፉ። ስትሠሩም ዝግ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አታስነሱ።

ቀዳዳው የት ነው? ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሱትና ስሙ። ጠዋት ቲክ ቲክ ብሎ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከኮሌክተሩ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መሐል ከሚገባው ማሸጊያ) ነው፤ ብረቱ ሲግል ይሰፋና ክፍተቱን ይዘጋዋል። ከሆዱ በታች የሚያጉረመርም ከሆነ ቱቦው ወይም የማርሚታው ሣጥን ነው። ረዳት ካለ ወፍራም እርጥብ ጨርቅ ይዞ የኋላውን አፍ ለጥቂት ሰኮንድ ይሸፍን። እናንተ በጎን ሆናችሁ ስሙ፤ ጭሱ ሌላ መውጫ ሲፈልግ ሽው የሚል ድምፅ ያሰማል። የጠረጠራችሁት መጋጠሚያ ላይ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ ርጩ፤ አረፋ ከተነሳ እሱ ነው። ይህን ሁሉ ብረቱ ሳይግል አድርጉት።

ሞተር ሳይነሳም የሚታይ ምልክት አለ። የፍላንጁን (ቱቦዎቹ በቡሎን የሚጋጠሙበትን) ጠርዝ በባትሪ እዩ። ጭስ የሚያመልጥበት ቦታ ላይ እንደ ኩል የተሰመረ ጥቀርሻ ይቀመጣል። ዝገቱ ቡናማ፣ መስመሩ ግን ጥቁርና ደረቅ ነው፤ ጣት ላይ ይቀራል።

ከተማ ውስጥ ብቻ የሚሄድ መኪና ማርሚታ ቶሎ የሚበሰብስበት ምክንያት አለ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣል፣ በእንፋሎት መልክ። ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና ማርሚታው ስለሚግል ይተናል። ከሳቢያን ከዚራ ብቻ የሚመላለሰው ግን ሣጥኑ ሳይግል ይጠፋል፤ ውሃው ውስጡ ይቀራል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ስለዚህ ከውጭ ደህና የሚመስለውን ሣጥን በካቻቢቴ እጀታ ኳ ኳ አድርጉት። ጠንካራ ድምፅ ካለው ደህና ነው። ዝግ ያለ ድምፅ ሰጥቶ ውስጡ ዝገት ከተንሸካሸከ ብየዳ አይዘውም፤ መርፌው የነካው ሁሉ ይቀልጣል። ሣጥኑ ሥር ግን ከፋብሪካ የመጣች ትንሽ ክብ ቀዳዳ ልትኖር ትችላለች። ውሃ ማስወጫ ናት። አታስደፍኗት።

የፍላንጁ ጓርኒሲዮን

ይህ በቤት የሚሠራ ነው። ቡሎኖቹን ዋዜማውን ማታ ደብልዩዲ 40 ወይም ሌላ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጧቸው፤ ያድሩ። ጠዋት ከመፍታታችሁ በፊት ጥቂት ወደ ማጥበቅ ሞክሩ፤ ኪች ሲል ዝገቱ ተላቋል፣ ከዚያ ፍቱ። ካልተንቀሳቀሰ በጉልበት አትጨርሱት። የተሰበረ ቡሎን ማውጣት ከሥራው ሁሉ ይበልጣል።

ሲለያይ አሮጌው ጓርኒሲዮን ግማሹ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በደንብ ፍቃችሁ አንሱት፣ ሁለቱን ገጾች በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ብዙዎቹ ኮሮላዎች ላይ ቀለበት የመሰለ ጓርኒሲዮንና ስፕሪንግ ያላቸው ሁለት ቡሎኖች ናቸው። ስፕሪንጎቹ ሞተሩ ሲወዛወዝ መጋጠሚያው አብሮ እንዲተጣጠፍ የተደረጉ ናቸው። አንዳንዱ ስፕሪንጉን ጥሎ ተራ ቡሎን ያስራል፤ ከዚያ ቱቦው ይሰነጠቃል። ሁለቱንም በእጅ አስጀምሩ፣ እያፈራረቃችሁ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ። ተራ ሲልከን አትቀቡ፤ እሳቱን አይችለውም።

ከዚያ ማንጠልጠያ ጎማዎቹን ቁጠሩ። አንዱ ከተበጠሰ የማርሚታው ክብደት መጋጠሚያው ላይ ይወድቃል፣ አዲሱ ጓርኒሲዮንም አይከርምም። በሽቦ የታሰረ ማርሚታ መንገድ ላይ ለማድረስ ይሆናል፤ ቋሚ መፍትሔ አይደለም። የሞተር መቀመጫ ጎማ ያለቀበትም መኪና እንዲሁ ቱቦ ይሰነጥቃል።

ብየዳ ከሆነ

ወደ በያጅ ከመሄዳችሁ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። «አቦ ችግር የለውም፣ ስንቱን በይጃለሁ» ይላችኋል። «አውቃለሁ ወንድሜ፣ ለኔ ብለህ ልንቀለው» በሉት። የመኪናው ኮምፒውተርና ዲናሞው በብየዳ ከረንት ሊቃጠሉ ይችላሉ። የነዳጅ ታንከሩና ቱቦው ወዴት እንደሆነ አሳዩት፤ ውሃና አሸዋ አጠገብ ይኑር። መሬት የሚይዘው ሽቦም ማርሚታው ላይ፣ ብየዳው አጠገብ ይታሰር።

የሚለጠፈው ላሜራ ጥቁር ብረት ይሁን። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ ነው፤ ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ የሚተነፍሰውን ሰው ትኩሳት ያስይዘዋል፣ ብየዳውም ደካማ ይሆናል። ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ዝገት እስከ ጤነኛ ብረት ድረስ ተቆርጦ ይውጣ። በስሱ ዝገት ላይ የተለጠፈ ላሜራ በጠርዙ ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል።

መንገድ ላይ ከተቀደደ ጣሳ ቆርጣችሁ ቱቦው ላይ ጠቅልላችሁ በሁለት ፋሼታ ብታስሩት ቤት ያደርሳል። እሳት የሚችለው የማርሚታ ማጣበቂያም በሽቦ ብሩሽ ከታሸ ትንሽ ቀዳዳ ላይ ይሠራል። የሚታጠፈው ሽቦ ለበስ ቱቦ ላይ ግን ሁለቱም አይይዙም፤ እሱ ይቀየራል።

ኮሌክተሩን በአጭሩ። ጓርኒሲዮኑ ሲቀየር ቡሎኖቹ ከመሐል ተጀምሮ ወደ ዳር ነው የሚጠብቁት። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ የሚያርፈው የኮሌክተር ገጽ ቀጥ ባለ ብረት ይፈተሽ፤ ጠምሞ ከሆነ ይላግ። ቴስታታው ውስጥ የተሰበረ ቡሎን ካለ ለቶርኖ ባለሙያ ስጡት። ፍሳሹን ግን አትተዉት። ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ያለ ቀዳዳ አየር ያስገባል። ኮምፒውተሩ ነዳጅ ያነሰ መስሎት ይጨምራል። «ቤንዚን በላብኝ» ከሚሉኝ አንዳንዶቹ የሚከፍሉት ለዚህ ነው።

ሁለቱም ከተሠሩ በኋላ ቤተሰብ ሳትጭኑ ዳገት ላይ ሞክሩት። ከድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 2,000 ሜትር አካባቢ የሚወጣ መንገድ በራችን ላይ እያለ የተሻለ መፈተሻ የለም። ላይ ስትደርሱ ደኅና ቦታ ቁሙ፣ ኮፈኑን ክፈቱ፣ የመሪ ዘይቱን ከፍታና አረፋ እዩ። ስትመለሱ ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ ይቀዝቅዝ፤ ማደር ይሻላል። ከዚያ የኮሌክተሩን ቡሎኖችና የመመለሻ ቱቦውን ፋሼታዎች እንደገና በመፍቻ ንኩ። አዲስ ጓርኒሲዮንና አዲስ ጎማ በመጀመሪያው ሙቀት ጥቂት ይረግባሉ፤ ሩብ ዙር ያህል የሚቀበል ቡሎን ታገኛላችሁ። ስፕሪንግ ያላቸውን ግን አትንኳቸው።